የዳቨንፖርቱ ወጌሻ

ባለፈው ዓመት የቀኝ ክርኔን አመመኝ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዋዛ ያለፍኩት ሕመም እየባሰ ሄዶ የቡና ስኒ ማንሣት እስኪያቅተኝ ድረስ አደረሰኝ። የታዘዘልኝ ኪኒን ጨጓራዬን ከማቃጠል በቀር የፈየደልኝ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ መክሮኝ ወደ አንድ ካይሮፕራክተር ሄድኩ።

ሰውዬው ክርኔን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ቅባት ከቀቡኝ በኋላ ከመሳቢያቸው ውስጥ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ የደነዘዘ፣ ጎበጥ ያለ የማይዝግ ብረት አወጡ። በዚያ ብረት ጅማቴን ወደ ላይና ወደ ታች ይፍቁት ጀመር። ብረቱ ጤነኛው ቦታ ላይ ሲሆን ለስለስ ብሎ ያልፋል፤ ያመመኝ ቦታ ሲደርስ ግን አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ነገር ይንኮሻኮሻል። ቆዳዬ እሳት እንደነካው ቀላ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ልጅ ሳለሁ ኳስ ስጫወት እግሬ ወለም ብሎኝ እናቴ ይዛኝ የሄደችባቸው የሰፈራችን ወጌሻ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም ቅቤ ቀብተው፣ በአውራ ጣታቸው ያበጠውን ቦታ እየፈለጉ፣ የእኔን ጩኸት ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ያሹኝ ነበር። ያ አውራ ጣትና ይህ ብረት የሚሠሩት ሥራ ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሰፈራችን ወጌሻ ግድግዳ ጥቁር የጭስ ግድግዳ ነበር፤ የእኚህኛው ግድግዳ ደግሞ በዲግሪና በመንግሥት ፈቃድ ተሸፍኗል። ከዲግሪዎቹ መካከል ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ዓይናቸው የሚቆጣ የሚመስል የአንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየሁና ማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። የሙያው መሥራች ዲ. ዲ. ፓልመር ናቸው ተባልኩ።

ቤቴ ስገባ የሰውየውን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ ለብዙ ሳምንታትም አልተውኩትም። ንብ አርቢ፣ ባለ ሱቅ፣ ዓሣ ሻጭ፣ እስረኛ፣ ከገዛ ልጁ ጋር የተካሰሰ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ሐኪም ግን አልነበረም። ታሪኩን ላካፍላችሁ የፈለግሁት ሰውየውን ለማወደስም ለመንቀፍም ብዬ አይደለም። ስለ እኛ ስለ ራሳችንም የሚጠይቀን ነገር ስላለው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በ1845 ዓ.ም. በካናዳ፣ ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ ባለው የኦንታሪዮ ገጠር ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። አባቱ ኑሮ አልሳካለት ሲል ቀድሞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ዳንኤልና ታናሽ ወንድሙ ቶማስ እዚያው ቀርተው ለዕለት ጉርሳቸው ሲሠሩ ቆዩ። በ1865 ዓ.ም. የጸደይ ወራት፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሚያበቃበት ሰሞን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ድንበር አቋርጠው ቤተሰባቸውን ፍለጋ ወጡ። ራሱ በኋላ እንደጻፈው ሁለቱ በኪሳቸው የያዙት ገንዘብ ሁለት ዶላር ነበር። እንግዲህ የዚህ ሰው ታሪክም እንደ ብዙዎቻችን ታሪክ በስደት ይጀምራል ማለት ነው።

አሜሪካ ከገባ በኋላ ያልሞከረው ሥራ የለም። በአዮዋና በኢሊኖይ ገጠሮች የልጆች አስተማሪ ሆነ። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ኒው ቦስተን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ መሬት ገዝቶ ንብ አረባ፣ ፍራፍሬ ተከለ፣ እንጆሪ መሰል ተክሎችን ችግኝ እያባዛ ሸጠ። ቀጥሎ በአዮዋ ውስጥ ሸቀጣ ሸቀጥ ከፈተ፤ ወርቃማ የጌጥ ዓሣ እስከ መሸጥም ደርሷል። ትዳርም መልሶ መላልሶ መሥርቷል። አንደኛዋ ሚስቱ በ1882 ዓ.ም. ባርትሌት ጆሹዋ የተባለ ወንድ ልጅ ወልዳለት ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። ይህን ልጅ አንባቢ እንዳይረሳው፤ ወደ በኋላ እንገናኛለን።

ፓልመር ወደ ሕክምና የገባው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ያን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሐኪሞች በሽተኛን ደም እያፈሰሱና ሜርኩሪ እያዋጡ የሚያክሙበት ዘመን ገና ከሰው ትዝታ አልጠፋም። አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አይታወቅም። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄድ ቤቱ መሞትን ይመርጥ ነበር። ስለዚህ በየከተማው በውኃ የሚያክም፣ በቅጠል የሚያክም፣ በጸሎት የሚያክም፣ በእጁ የሚያክም ሞልቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል ማግኔታዊ ፈዋሾች የሚባሉ ነበሩ። ሰው በሰውነቱ ውስጥ እንደ ማግኔት ያለ ኃይል አለው፤ ጤነኛው እጁን በበሽተኛው ላይ ሲጭን ያ ኃይል ይተላለፋል ይሉ ነበር። በአዮዋ ኦተምዋ ከተማ ፖል ካስተር የሚባል የታወቀ ፈዋሽ ነበር፤ ፓልመርም ከዚህ ሰው ሥራ ተነሥቶ በ1886 ዓ.ም. በበርሊንግተን ከተማ ማግኔታዊ ፈዋሽ ነኝ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። በዓመቱ ወደ ዳቨንፖርት ተዛወረ፤ በከተማዋ እምብርት ባለ ሕንፃ ውስጥ ክፍሎች ተከራየ።

ሥራው ቀናው። ከሩቅ አገር እየመጡ እዚያው አድረው የሚታከሙ ደንበኞች አበጀ። ከሌሎቹ የሚለየው ጠያቂ ስለነበር ነው። ሌሎቹ እጃቸውን መላ ሰውነት ላይ ሲያሳልፉ እሱ ግን ሕመሙ የተነሣበትን አንድ ቦታ ለማግኘት ይጥር ነበር። የሰውነት ክፍል መጻሕፍት ገዝቶ አነበበ፤ አጥንት ሰበሰበ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሱቅ ሲሠሩ፣ አንድ ማዕድ ሲበሉ፣ አንደኛው ሲታመም ሌላው ለምን ጤነኛ ይሆናል የሚል ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣው እንደነበር ጽፏል። ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው። ችግሩ መልሱ ላይ ነው።

መልሱን ያገኘው፣ ወይም ያገኘ የመሰለው፣ ከአንድ ጥቁር ሰው ጀርባ ላይ ነው። ሃርቪ ሊላርድ ይባላል። ፓልመር የሚሠራበትን ሕንፃ የሚያጸዳ ሠራተኛ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጆሮው ከመደንቆሩ የተነሣ በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን ጋሪ ድምፅ እንኳ አይሰማም። እንደ ፓልመር አባባል ሊላርድ በአንድ ጠባብ ቦታ ጎንበስ ብሎ ሳለ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማው፤ ወዲያውም ደነቆረ። ፓልመር ጀርባውን ሲዳብስ አንድ የአከርካሪ አጥንት ከመስመሩ ወጥቶ አገኘ። አጥንቱ ቢመለስ ጆሮውም ይመለሳል ብሎ አሳመነው፤ በእጁም ገፋ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ሊላርድም መስማት ጀመረ። ተከታዮቹ ይህን ቀን ሴፕቴምበር 18 ቀን 1895 ብለው እስከ ዛሬ የሙያው ልደት አድርገው ያከብሩታል።

የሊላርድ ልጅ ግን ከአባቷ የሰማችው ከዚህ ይለያል። እንደ እሷ አነጋገር አባቷ ከአንድ ሰው ጋር በሕንፃው መተላለፊያ ላይ ቆሞ ሲቀልድ ፓልመር ከክፍሉ ወጣ። ቀልዱ ሲያበቃ ፓልመር በሳቅ ብዛት በእጁ በያዘው መጽሐፍ የሊላርድን ጀርባ መታ አደረገው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊላርድ ጆሮው የተሻለው መሰለው፤ ፓልመርም ይህን ሲሰማ ነገሩን ይመረምር ጀመር። የትኛው እውነት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በሁለቱም መንገድ ግን አንድ ችግር አለ። የመስማት ነርቭ ከአንጎል ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጆሮ የሚገባ እንጂ በጀርባ አከርካሪ በኩል የሚያልፍ አይደለም። ተቺዎቹ ይህን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያነሡበታል።

ፓልመር ግን አላመነታም። ቀጥሎ የመጣው የልብ ሕመምተኛ ነበር፤ የእሱንም ጀርባ ዳብሶ አንድ አጥንት ገፋና ሰውየው ተሻለው። እንግዲህ ድንቁርናና የልብ ሕመምን የመሳሰሉ የማይገናኙ ሁለት በሽታዎች ከአጥንት መዛነፍ ከመጡ ሌላውስ በሽታ ከዚያ የማይመጣበት ምን ምክንያት አለ ብሎ አሰበ። በመጨረሻም ከመቶ ዘጠና አምስቱ በሽታ ከአከርካሪ አጥንት መዛነፍ፣ ቀሪው አምስቱ ከሌላው መገጣጠሚያ መዛነፍ የሚመጣ ነው ብሎ ደመደመ። የተዛነፈው አጥንት ነርቭን ይጫናል፤ በነርቭ ውስጥ የሚመላለሰው ተፈጥሯዊ ጥበብ ይታወካል፤ ሰውም ይታመማል ነው ነገሩ። ክትባትን ይቃወም ነበር። ከዚህም አልፎ፣ የዕውቀቱን ፍሬ ነገር ያገኘው ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ የአንድ ሐኪም መንፈስ መሆኑን በኋላ ዘመን በመጽሐፉ አስፍሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ከሁለት ሕመምተኛ ተነሥቶ ለዓለም በሽታ ሁሉ አንድ ምክንያት ማበጀት! የኛም አገር ሰው ሁሉን በሽታ ለምች ወይም ለዓይነ ጥላ ሲሰጥ ያደገ ነውና በፓልመር ላይ ለመሳቅ ብዙም ድፍረት አልነበረኝም።

ለአዲሱ ሙያ ስም ያወጣለት ከደንበኞቹ አንዱ የሆነ ሳሙኤል ዊድ የሚባል ቄስ ነው። ቄሱ ግሪክኛ ያውቅ ስለነበር እጅንና ሥራን የሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላትን አገናኝቶ ካይሮፕራክቲክ አለው፤ በእጅ የሚሠራ ማለት ነው። ፓልመር አጥንት ማቃናት ከጥንት ግብፃውያንና ግሪኮች ጀምሮ የነበረ መሆኑን አልካደም። የእኔ የሚለው፣ ከአከርካሪው አጥንት ወደ ኋላና ወደ ጎን የወጡትን ቀንዶች እንደ ማንሻ ይዞ ለይቶ ማንቀሳቀስን ነው። በአጎራባቹ የሚዙሪ ክፍለ ግዛት አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም ኦስቲኦፓቲ የሚባል ተመሳሳይ ሙያ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ ያራምድ ነበር፤ በ1892 ዓ.ም.ም ትምህርት ቤት ከፍቷል። የስቲል ሰዎች ፓልመር ከእኛ ሰርቆ ነው አሉ። ይህ ክርክር ዛሬም አልተዘጋም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ፓልመር ግኝቱን መጀመሪያ ላይ ደብቆ ይዞት ነበር። በሽተኛን ሲያሽ ሌላ ሰው እንዳያይ ይጠነቀቅ ነበር ይባላል። የሚያስበው ልክ እንደ ሰፈራችን ወጌሻ ነበር፤ ጥበቡ የቤተሰብ ንብረት ነው፤ ከወጣ እንጀራ ይዘጋል። ሐሳቡን ያስለወጠው ሞት ነው። በ1897 ዓ.ም. በባቡር አደጋ ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ፣ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ዕውቀት አብሮኝ ይቀበር ነበር ብሎ ደነገጠ፤ ማስተማርም ጀመረ። በዳቨንፖርት ያቋቋመው ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ግን በመደበኛ ሕክምና የተመረቁ ሐኪሞች ነበሩባቸው። ከ1902 ዓ.ም. ተመራቂዎች አንዱ ደግሞ ያ እናት አልባ ያደገው ልጅ፣ ባርትሌት ጆሹዋ፣ በአጭሩ ቢ. ጄ. ነበር።

አባትና ልጅ አልተዋደዱም። ቢ. ጄ. በኋላ በጻፈው መሠረት አባቱ በጠፍር የሚገርፍ፣ ሐሳቡ ሁሉ ከልጆቹ ይልቅ ከአጥንቶቹ ጋር የነበረ ሰው ነው። አባት በ1902 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄድ ዕዳ ያለበት ትምህርት ቤት በሃያ ዓመቱ ልጅ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ልጁ ግን ከአባቱ ይልቅ ነጋዴ ነበርና ተማሪ አበዛ፣ ማስታወቂያ አበዛ፣ ትምህርት ቤቱን አቆመው። አባት ሲመለስ ትምህርት ቤቱ የሁለት ጌቶች ቤት ሆኖ ቆየው።

በዚህ መሐል ሕግ መጣ። የአዮዋ ሐኪሞች፣ ያለ ፈቃድ ሕክምና ይሠራል ብለው ከሰሱት። በ1906 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ 350 ዶላር መቀጮ ወይም 105 ቀን እስራት ፈረደበት። ፓልመር ገንዘቡ ሳይቸግረው፣ መክፈል ጥፋቴን ማመን ነው ብሎ በስድሳ አንድ ዓመቱ እስር ቤት ገባ። ሃያ ሦስት ቀን ታስሮ ግን ነገሩ ከበደው መሰል ከፍሎ ወጣ። ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ከልጁ ጋር መስማማት አልቻለም፤ በሽማግሌ ተዳኝተው ድርሻውን በሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ለልጁ ሸጦ ከተማውን ለቀቀ።

የሚያሳዝነው ዘመን ከዚህ ይጀምራል። ኦክላሆማ ሄዶ ከወንድሙ ጋር እንደገና ሱቅ ከፈተ። በኦክላሆማ ሲቲ ትምህርት ቤት ሞከረ፣ አልዘለቀም። በኦሪገን ፖርትላንድ ሌላ ሞከረ፣ እሱም አልዘለቀም። የሚያጋጨው ሰው አላጣም። ልጁ የአግኚነቱን ማዕረግ ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ስላመነ በ1910 ዓ.ም. ወደ አንድ ሺህ ገጽ የሚጠጋ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሙያ ትምህርትም የክስ ማመልከቻም ነው፤ ግማሹ ስለ ነርቭና አጥንት፣ ግማሹ ልጁንና የቀድሞ ተማሪዎቹን ስለ መዝለፍ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። በ1911 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ካይሮፕራክቲክን ሃይማኖት ለማድረግ አስቦ እንደነበር ይታያል። ሃይማኖት ከሆነ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል፤ ሐኪሞቹም ሊከሱት አይችሉም የሚል ስሌት ነበረበት።

በኦገስት 1913 ዓ.ም. የልጁ ትምህርት ቤት የድሮ ተማሪዎች በዓል ሲያከብር ሽማግሌው ዳቨንፖርት ተገኘ። በሰልፉ ፊት በእግሩ እሄዳለሁ አለ፤ ልጁ ደግሞ በመኪና ነበር። ጭቅጭቅ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ልጅ አባቱን በመኪና ገጨው የሚል ወሬ ወጣ፤ ቢ. ጄ. ካደ። ፓልመር ወደ ሎስ አንጀለስ ተመልሶ ኦክቶበር 20 ቀን 1913 ዓ.ም. በስድሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሆኖም በልጁ ላይ ክስ የሚያስመሠርት ማስረጃ አልተገኘም። ለሞቱ ምክንያት ተብሎ የተመዘገበው የአንጀት ተስቦ፣ ማለትም ታይፎይድ ነው። ታይፎይድን የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ታውቆ ነበር። በሽታ ሁሉ ከአጥንት መዛነፍ ነው ያለውን ሰው የገደለው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሆነ። የዕድል ነገር እንዲህ ነው።

ሰውየው ቢሞትም ሙያው አልሞተም። ልጁ በ1922 ዓ.ም. የሬዲዮ ጣቢያ ገዝቶ ስለ ካይሮፕራክቲክ ለአገሩ ሁሉ አሰማ፤ ሮናልድ ሬገን በ1932 ዓ.ም. የስፖርት ዘጋቢነት ሥራውን የጀመረው በዚያ ጣቢያ ነው። ቢ. ጄ. እስከ 1961 ዓ.ም. ኖረ። በየክፍለ ግዛቱ ብዙ ካይሮፕራክተሮች ታሰሩ። በ1907 ዓ.ም. በዊስኮንሲን የተከሰሰው ሞሪኩቦ የሚባል ጃፓናዊ ስደተኛ ግን ሙያዬ ራሱን የቻለ ነው ብሎ ተከራክሮ ነጻ ወጣ፤ የእሱ ክርክር ለሌሎቹም መንገድ ከፈተ። ካንሳስ በ1913 ዓ.ም. ለሙያው ሕግ አወጣች፤ የመጨረሻዋ ሉዊዚያና በ1974 ዓ.ም. ፈቀደች። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን ከካይሮፕራክተር ጋር እንዳይሠሩ ሲከለክል ኖሮ በ1976 ዓ.ም. ተከሰሰ፤ በ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ፍርድ ቤት ማኅበሩ የንግድ ውድድር ሕግን ጥሷል ብሎ ፈረደ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። የሙያው ልደት በሃርቪ ሊላርድ ጀርባ ላይ ነው ብለናል። በልጁ ዘመን ግን ያ የዳቨንፖርት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ጥቁር ተማሪ አልቀበልም ይል ነበር። ጀርባቸው ለግኝት ሲፈለግ አልተከለከሉም፤ እጃቸው ለሙያው ሲመጣ ግን ተከለከሉ። ሊላርድ በየዓመቱ ስሙ ይነሣል፤ የእሱ ዘሮች ግን በዚያ በር እንዳይገቡ ተደርጎ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለምንኖር ለእኛ ይህ ዓይነቱ ታሪክ አዲስ አይደለም።

ወደ ክርኔ ልመለስ። እኔን የፋቀኝ ብረት የፓልመር ሥራ አይደለም። እሱ በእጁ ብቻ ነበር የሚሠራ፤ የሙያው ስም ራሱ በእጅ የሚሠራ ማለት አይደል? ቻይናዎች ቆዳን በሸካራ ወይም በለሰለሰ ዕቃ መፋቅን ጓ ሻ ብለው ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነበሩት ዶክተር ጄምስ ሲሪያክስ ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ የተጎዳን ጅማት ከአቅጣጫው በተቃራኒ በጣት ጫፍ ጠለቅ አድርጎ ማሸትን አስተማሩ። በኋላም ዴቪድ ግራስተን የተባለ አሜሪካዊ በውኃ ላይ መንሸራተት ጉልበቱን ተጎድቶ፣ ጣት የሚደክመውን ሥራ እንዲሠራለት በብረት መሣሪያ አሠራ። በ1990ዎቹ ዓመታት ይህ በእሱ ስም የሚጠራ ዘዴ ሆኖ በካይሮፕራክተሮችና በፊዚዮቴራፒስቶች ዘንድ ተስፋፋ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። የቆየ ጉዳት ያለበት ጅማት በትክክል ሳይጠገን ይቀራል፤ በልኩ ሲፋቅ አካባቢው እንደ አዲስ ይነቃቃል፤ አዲስ ሕዋስም ይሠራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአይጦች የተረከዝ ጅማት ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በብረት የታሸው ጅማት ላይ ጅማት የሚሠሩ ሕዋሳት መብዛታቸውን አሳይተዋል። ሰው ግን አይጥ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በሰዎች ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ የመረመረ ሥራ፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ነው የተናገረው። የአከርካሪ ማቃናትን በተመለከተም እንዲሁ መጠኑን ማወቅ ያሻል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይችላሉ ካላቸው መንገዶች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ጥቅሙ ግን መጠነኛ ነው። አንገት ላይ ሲሠራ ደግሞ አልፎ አልፎ የደም ሥር ሊጎዳ እንደሚችል ይታወቃል። የልብ በሽታን፣ ድንቁርናን፣ ስኳርን ይፈውሳል ለሚል ግን ጆሮ መስጠት አይገባም።

የእኔ ክርን ከስድስት ሳምንት በኋላ ተሻለው። ብረቱ ይሁን፣ የታዘዘልኝ የእጅ እንቅስቃሴ ይሁን፣ ወይም ጊዜ ይሁን ያዳነኝ፣ እግዜር ይወቀው። ስኒዬን ግን አነሣለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሰፈራችን ወጌሻ። እሳቸው ከፓልመር ያንሱ ነበር? በእጅ ጥበብ አይመስለኝም። ወለምታን ከውልቃት፣ ውልቃትን ከስብራት በጣታቸው ብቻ ይለዩ ነበር። ፓልመር የነበረው የተሳሳተ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ምንም ንድፈ ሐሳብ አልነበራቸውም። እንዲያውም በዚህ ሳይበልጡት አይቀሩም፤ የወባ በሽተኛ ቢመጣባቸው ጀርባውን አያሹትም፣ ሐኪም ቤት ሂድ ነው የሚሉት። ልዩነቱ ሌላ ነው። ፓልመር ከባቡር አደጋው በኋላ በሩን ከፈተ። በር ሲከፈት ተማሪ ይገባል፤ ተማሪ ሲገባ ጠያቂ ይመጣል፤ ጠያቂ ሲመጣ ስሕተት ይታያል። ዛሬ የፓልመርን የዘጠና አምስት ከመቶ ስሌት የሚተቹት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ራሳቸው ካይሮፕራክተሮችም አሉበት። ያ ሊሆን የቻለው ትምህርቱ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ለሰው ዓይን ስለተሰጠ ነው።

የእኛ ጥበብ ግን ከአባት ወደ ልጅ በጓዳ ሲተላለፍ ኖረ። ስለዚህ ጥሩውም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ መጥፎውም ሳይታረም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሄዳል። መጥፎ የለውም እንዳትሉኝ። ስብራት በቀርከሃ ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም ተቋርጦ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች መዝገብ ላይ ብዙ ናቸው። ልብ የሚያሞቀው ግን መፍትሔው ቅርብ መሆኑ ነው። በአገራችን ለባሕላዊ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጥቶ፣ አስተሳሰራቸውን እንዲያላሉና ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ሲጠቁር ቶሎ እንዲፈቱ ተነግሯቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚቆረጡት ሰዎች ቁጥር መቀነሱ በ2005 ዓ.ም. በታተመ የሕክምና ጽሑፍ ተዘግቧል። አንድ ቀን! ወጌሾቹን መስደብም መከልከልም አላስፈለገም፤ የተከበሩ ባለሙያዎች ናችሁ ብሎ አጠገባቸው መቀመጥ በቃ።

የሰፈራችን ወጌሻ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ያዙ፤ አንደኛው እንደኔው በስደት ነው ያለው። አንድ ጊዜ ስልክ ደውዬ፣ አባትህ ያን የእግር ጅማት እንዴት ነበር የሚይዙት ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና፣ እንዳላሳዩት፣ እሱም እንዳልጠየቃቸው ነገረኝ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ወላጆችህ ወይም አያቶችህ በሕይወት ካሉ፣ እጃቸው የሚያውቀው ነገርም ካለ፣ ማሸት ይሁን፣ መጠገን ይሁን፣ ሽመና ይሁን፣ ሳይመሽ ጠይቃቸው። ጻፈው፤ ከተቻለም በምስል ቅረጸው። ትክክል መሆን አለመሆኑን ሌላ ሰው ይመረምረዋል። ፓልመር ባቡር ነው ያስደነገጠው። እኛን ደግሞ አንድ ነገር እስኪያስደነግጠን ባንጠብቅ ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።